ከውጭ የተቆለፈው በር

ሆሳዕና ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚማር የገጠር ልጅ በገበያ ቀን ተማሪነቱ ይቀርና የዘመድ ማረፊያ ይሆናል። አጎት ጆንያውን እዚያ ያስቀምጣል፤ አክስት እግሯን ታሳርፋለች፤ የአገር ቤት ጎረቤት ሕፃኗን አስተኝታ ቅቤዋን ልትሸጥ ትወጣለች፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሁሉም ተያይዞ ይገባል። "ፈተና ደርሶብኛልና ሂዱልኝ" አይባልም። የተባለ እንደሆነ እንግዳው አገሩ ሳይገባ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ሴት ልጅ ከሆነች "ከተማ ገብታ ዘመድ ጠላች" ትባላለች፤ ነገሩ ለእናቷም ይተርፋል።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። እኔም ከሌሞ ገጠር መጥቼ እዚሁ ከተማ የተማርኩት እንዲያው ሆኜ ነው። ዛሬ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ አሁንም ተከራይ ነኝ። ያን ጊዜ የምኖርበት ግቢ ስድስት ክፍሎች በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ሆኖ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይሄዳል። በአንደኛው ጫፍ ላስነጠሰ ሰው በሌላኛው ጫፍ ሆነን "ይማርህ" እንለው ነበር።

የግቢው ባለቤት ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት ናቸው። ባላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ከሰሜን ሲመደቡ ተከትለው መጡ፤ ባል ካረፉ በኋላም እዚሁ ቀሩ። አፋቸው ክፉ ነው፤ እጃቸው ደግ ነው። ጠዋት የሰደቡትን ተከራይ ማታ ሲያስለው ከሰሙ ዝንጅብል አፍልተው በሩን ያንኳኩበታል።

ልጅቷ ከእኔ ክፍል ሁለት አልፋ ነበር የምትኖረው። ከሀቢቾ አካባቢ የመጣች፣ አባቷ በልጅነቷ የሞተባት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ብሔራዊ ፈተና የምትጠብቅ ተማሪዬ ነበረች። አንድ እሑድ ደብተሯን ሳይ ባዶ ሆኖ አገኘሁትና ተቆጣሁ። እኔ ስቆጣ ግቢው ይሰማል። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ቲቸር፣ ትናንት አሥራ አንድ ሰው መጣብኝ" አለችኝ። ቁጣዬ ወደ ዘመዶቿ ዞረ።

ዘዴውን የነገርኳት ያን ቀን ነው። ተማሪ ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁ፤ እዚህ አገር ያላደረገው ተማሪ ጥቂት ነው። በርህን ጎረቤት ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፍብህና ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ጓጉንቸር ያየ ዘመድ አይቀየምም፤ "ወጥታለች" ብሎ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል። አንተ ውስጥ ሆነህ ታነባለህ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ቢያንኳኳ፣ ማንም ቢጣራ ድምፅ አለማሰማት።

"እናቴ ብትሆንስ ቲቸር?" አለችኝ።

"እናትሽም ብትሆን" አልኳት።

ሦስት ወይም አራት ቅዳሜ እንዲህ አደረግን። ውጤቷ ወዲያው ተሻሻለና እኔም በራሴ ብልሃት ኮራሁ። እሳቱ በተነሳበት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆለፍኩባት። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነበር፤ ጫማዋን አጥባ ከበሩ ውጭ ደፉ ላይ አስጥታዋለች። በተዘጋው በር በኩል "ስድስት ሰዓት ላይ እከፍትልሻለሁ" አልኳት። "እሺ ቲቸር" አለች። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ጥዬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የመምህራን ስብሰባ ነበረን።

ስብሰባው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ሰው መነሳት ሲጀምር ግን እጄን አወጣሁ። ቤተ ሙከራችን የተሰበረ ወንበር መጋዘን ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይህን ካላነሳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ርዕሰ መምህሩ መለሰ፤ እኔ መልሱን መለስኩለት። ሰዓቴን አይቻለሁ። ስድስት ሰዓት ማለፉን አይቻለሁ። "ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች፣ ታጥና" ብዬ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ወንበሮቹ እንዲወጡ ተስማማ፤ የሥራ ባልደረቦቼም አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን በክርክር ረታሁ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጭሱን ያየሁት ከአስፋልቱ ነው። ቆሻሻ የሚያቃጥል ሰው ያለ መስሎኝ ጥቂት ሄድኩ፤ ከዚያ መሮጥ ጀመርኩ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው ተባለ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ የኤሌክትሪክ ምድጃውን እንደበራ ረስቶ ወጥቷል። ስድስት ሰዓት አልፎ መብራት ሲመጣ ምድጃው ጋለ፤ አጠገቡ የነበረው ልብስ ተያያዘ፤ እሳቱ ማዳበሪያውን ኮርኒስ ይዞ ከክፍል ክፍል ሮጠ። ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ የተኛ አንድ ዘበኛ ሳይነቃ ቀረ። የቦኖሻ ሰው ነበር፤ ቤተሰቦቹ በዚያው ቀን መጥተው አስከሬኑን ወደ አገሩ ወሰዱት።

የሰፈሩ ሰው ውሃ እየደፋ፣ በር እየገነጠለ የቻለውን አውጥቷል። የልጅቷን በር ግን የነካው የለም፤ ጮኻ ከሆነም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የሰማት አልነበረም። ስደርስ አንዱ ጎረቤት፣ "የአንቺ ክፍል ተርፏል፤ እዚያኛው ደግሞ ሰው የለበትም፣ ተቆልፏል" አለኝ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር። ጣሪያው ወድቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ደረስኩ።

"ውስጥ አለች" ብዬ ጮኼያለሁ። እንዴት እንዳወቅኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቁልፉን መቼ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ እንደከተትኩት አላስታውስም።

ልጅቷን አገሯ ወስደን ቀበርናት። ከቀብር መልስ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከተቃጠለው ግቢ ፊት ለፊት፣ ድንኳን ተተከለ። ወንጌላውያኑ ከነመዘምራኖቻቸው፣ ኦርቶዶክሶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሁሉም መጣ። እናትየዋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም። ጉንፋን ይዟት ደረቅ ሳል እያቋረጣት ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ ትደግመዋለች።

"ሄጄ ነበር እኮ። አራት ሰዓት ላይ ቆጮ ይዤላት ሄጄ ነበር። ተቆልፎ አገኘሁት። ተመለስኩ።"

ይህን በሀዲይኛ ስትል ሰማሁ። አራት ሰዓት ላይ ልጅቷ ውስጥ ነበረች። እናቷ ስታንኳኳ ሰምታ፣ እኔ ባስተማርኳት መሠረት አፏን ይዛ ተቀምጣለች ማለት ነው። ሴትየዋ ይህን አታውቅም። ልጅቷ ወጥታ ነበር፣ በኋላ ተመለሰች፣ ከዚያ አንድ ክፉ ሰው ቆለፈባት ብላ እንደምታስብ ገመትኩ። ይህ ሐሳብ ከእውነቱ ይሻላታል አልኩ። እግረ መንገዱን ለእኔም እንደሚሻለኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ዘመዶቿ አመዱን ሲፈትሹ ጓጉንቸሩን አገኙት፤ በሩን ከያዘው ብረት ጋር እንደተቆለፈ ነው። ፖሊስ ፎቶ አንስቶ ሄደ፤ ከዘመዶቿም አንዱ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እስከ ማታ ከተማው በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ ጀመር፤ ማን ቆለፈባት?

መልሱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገሩም። ከእሳቱ በፊት በነበረው ሳምንት እማማ በገበያተኛው ጭቃ ተናደው፣ "ሁለተኛ ይህ ሁሉ ሰው ግቢዬ ቢገባ በሩን እቆልፍባችኋለሁ" ማለታቸውን ግማሽ ሰፈር ሰምቷል። በእሳቱ ጊዜ ደግሞ የልብስ ሳጥናቸውን እየጎተቱ ሲወጡ ታይተዋል። ሳጥን ያወጣ ሰው ልጅ ማውጣት አቃተው ተባለ። ከዚያም ከየት እንደመጡ መነሳት ጀመረ። አርባ ዓመት የኖሩበት ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንግዳ አደረጋቸው። ፖሊስ ጠርቶ ጠየቃቸውና ለቀቃቸው። በማግስቱ የአጥራቸው ቆርቆሮ በድንጋይ ተደብድቦ አደረ።

እኔንም ጠይቀውኛል። "ጠዋት ስብሰባ ሄድኩ፤ ስመለስ ተቃጥሎ አገኘሁት" አልኩ። በቃሉ ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ የመታሰቢያ ዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ አስገባኝ። የሕይወት ታሪኳን ጽፌ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ "ከማንም በላይ የምታውቃት አንቺ ነሽ" አሉኝ። ባነሩ ሲመጣ ከፈተና መመዝገቢያዋ ላይ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ሰፍቶ፣ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" ተብሎ ተጽፎበታል። ልጅቷ ወንጌላዊት ነበረችና የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ "እኛ ለሞተ ሰው እንዲህ አንልም" ብለው መለሱት፤ ማተሚያ ቤቱ ለሁሉም ያንኑ ማተም ለምዶበታል። ተማሪዎቹ ደግሞ ሻማ ገዝተው መጡ።

"በእሳት ለሞተች ልጅ እሳት ልታበሩላት ነው?" ብዬ ጮህኩባቸው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። በዚያ ሳምንት የምጮኽበት ሰው እፈልግ ነበር።

እማማ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጡ። የእኔ ክፍል ጫፍ ላይ ስለነበር ጠቁሮ ተርፏል። አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ ቋንቋቸውንም ታውቂያለሽ" አሉኝ። "ንገሪልኝ። ልጅቷን እንደ እናት ነው የተቆጣኋት እንጂ እኔ በሰው ልጅ ላይ በር አልዘጋም።"

"እነግርልዎታለሁ እማማ" አልኳቸው።

"ሳጥኑን ያወጣሁት የባሌ ፎቶ ስላለበት ነው" አሉ። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም። ከሄዱ በኋላ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጸለይኩ፤ የራሴን ጸሎት ራሴ አላመንኩትም። እውነቱን ብናገር አሮጊቷ ይድናሉ፤ ያቺ እናት ግን ልጇ እየሰማቻት ዝም እንዳለች እያሰበች ልትኖር ነው። ዝም ብል እናትየዋ ትተርፋለች፤ አሮጊቷን ይበሏቸዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳ ሰው አለ፤ በሁለቱም መንገድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የመታሰቢያው ቀን እሑድ ነበር። ከቤተክርስቲያን መልስ መንገዱ በሰው ሞላ፤ ተማሪዎቹ ዩኒፎርም ለብሰው ተሰለፉ። መዘምራኑ ዘመሩ፤ ቄሱም መጋቢውም ተናገሩ፤ ለዘበኛውም ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ከልጅቷ ጎሳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሱና ጓጉንቸሩን ከነብረቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር አስቀመጡት።

"ዛሬ ያለቀስነው ይበቃል" አሉ። "ድሮ ነገር ሲሰወር ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ እየማለ እስኪጣራ ድረስ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። እዚህ መማል የማይፈቅድ አማኝ ስላለ ማሉ አልልም። ግን በዚያ ግቢ ያደረ፣ በዚያ ግቢ የዋለ ሁሉ ተራ በተራ ይምጣ፤ እጁን እዚህ ላይ ያኑርና በዚህች እናት ፊት 'እጄ የለበትም' ይበል። ሌላ አንጠይቅም።"

የሕይወት ታሪኩን የማነበው ከዚያ በኋላ ነበር። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ተከራዮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አንዱ ምድጃውን የረሳው ሰው ነበር፤ ስለ ጓጉንቸሩ ግን ንጹሕ ነው፤ እጁን አኖረና "እጄ የለበትም" ብሎ አለፈ። ከዚያ እማማ ተጠሩ።

በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ወደ ነጠላቸው አስገቡት። "ልጅ የሞተበትን ብረት አልነካም" አሉ። "ያለ እሱም አምላክ ይሰማኛል።"

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። "ፈራች!" አለ አንድ ጎልማሳ። ሰልፉ ላላ፤ ሰው ወደ ፊት ገፋ። አንድ እጅ የእማማን ነጠላ ሲይዝ አየሁ።

የተዘጋጀሁበት ንግግር አልነበረኝም። ወረቀቱን ጥዬ በሰው መሐል ሄድኩና ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ጓጉንቸሩ ውስጥ አስገባሁት። ብረቱ በእሳት ጠምሞ ስለነበር አልዞረም፤ ግን እስከ አንገቱ ገባ። እጄን አነሳሁና ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ቀረ። ሁሉም አየው።

"እኔ ነኝ የቆለፍኩት" አልኩ። "ገበያተኛ ሳይረብሻት እንድታጠና። እከፍትልሻለሁ ያልኩበት ሰዓት አልፎብኝ ቀረሁ። እማማ አያውቁም።"

በሀዲይኛም ደገምኩት። እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምትጠይቀው ገብቶኛል። ሳትጠይቀኝ ቀደምኳትና ዋሸሁ።

"አንቺ ስትመጪ አልነበረችም" አልኳት። "ወረቀት ልሰጣት ትምህርት ቤት ይዣት ሄጄ ነበር። የቆለፍኩባት ስንመለስ፣ አምስት ሰዓት ላይ ነው።"

ሽማግሌው የእማማን እጅ ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አንድ ጎልማሳ ወደ እኔ ተንደረደረ፤ ሌሎች ያዙት። የሕይወት ታሪኳን መጋቢው አነበበው። በውስጡ "ታታሪ ነበረች" የሚል ቃል ሦስት ጊዜ መጻፌን የሰማሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ ለእነሱ ሰዓቱን በትክክል ነገርኳቸው። ስመለስ እናትየዋ ተቃጥሎ ከወደቀው በር ፊት ቆማ አገኘኋት። ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ወደ ሀቢቾ የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል።

"ውስጥ ነበረች አይደል?" አለችኝ፤ ዞር ሳትል።

"ትናንት ነገርኩሽ እኮ" አልኩ።

"ጫማዋን አይቼዋለሁ።" ሳሏ አቋረጣት። "ታጥቦ እዚህ ጋ ተሰጥቶ ነበር። ሌላ ጫማ እንደሌላት የማውቀው እኔ ነኝ። በባዶ እግሯ ትምህርት ቤት ትሄዳለች?"

"ታዲያ ስታንኳኪ ዝም ካለችሽ ለምን አልተጣራሽም?" አልኳት።

"አላንኳኳሁም። ታጥና ብዬ ነዋ። ቆጮውን ለጎረቤት ሰጥቼ ሄድኩ። ከኋላዬ የመጡትንም ሁለት ዘመዶች የለችም ብዬ መለስኳቸው።"

ያ ቁጣዬ መጣ። እንዲህ በመሰለ ቀን እንኳ አይተወኝም። "እና አሮጊቷን ሳምንት ሙሉ ሲያንገላቷቸው ዝም አልሽ?"

አሁን ዞራ አየችኝ። "አንቺስ?" አለች።

አመዱ ዳር ጎን ለጎን ቆምን። ሰዎቹ የድንኳኑን ብረት እየነቀሉ መኪና ላይ ይጭናሉ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ" አለች። "ያን ቀንም ጉንፋኑ ይዞኝ ነበር። አላንኳኳሁም፣ አልተጣራሁም፤ ግን በሩ ላይ ስቆም ሳልኩ። በዚህ ግቢ ድምፅ ይሰማል?"

ኮርኒሱ ትዝ አለኝ። ላስነጠሰ ሁሉ "ይማርህ" የምንልበት ኮርኒስ። ሁለተኛ ልዋሻት አልቻልኩም።

"ይሰማል" አልኳት። "ሁሉም ይሰማል።"

"ሳሌን ታውቀዋለች" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። "እንግዲያው መምጣቴን አውቃለች።"

ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው ከጓጉንቸሩ ነቅለው የመለሱልኝ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰጠኋት። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ወደ መኪናው ሄደች።